የትርንጎ ዱባ እና የእትዬ ዘርፌ ሳር

አንድ ግቢ ነበረ። በግቢው ውስጥ ሁለት ቤቶች፣ አንድ ሰፊ ሳር እና አንዲት ልጅ ነበሩ።

የልጅቷ ስም ትርንጎ ነው። በትንሹ ቤት ከእናቷ ጋር ትኖራለች።

በትልቁ ቤት የግቢው ባለቤት እትዬ ዘርፌ ይኖራሉ። ሳሩ የእሳቸው ነው። ሳራቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት።

ትርንጎ አንድ ነገር በጣም፣ በጣም፣ በጣም ትፈልጋለች። ዱባ ትፈልጋለች። ትንሽ ዱባ አይደለም። ቁጭ የምትልበት ዱባ!

«እንደ በርጩማ?» አለቻት እናቷ።

«እንደ በርጩማ አይደለም። እንደ ሶፋ!» አለች ትርንጎ።

እናቷ እየሳቀች ከጓዳ አንድ የዱባ ፍሬ አመጣችላት።

«ሳሬን እንዳትነኪብኝ እንጂ፣ አጥሩ ሥር ብትተክዪ ግድ የለኝም» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ትርንጎ በድንጋዩ አጥር ሥር ቆፈረች። ፍሬዋን አስተኛቻት። አፈር አለበሰቻት።

ዝናቡ መጣ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ! ዱባዋ በቀለች። ሐረጓ ተሳበ፣ ተሳበ፣ ተሳበና አጥሩ ላይ ወጣ።

አንድ ቀን ጠዋት ቢጫ አበባ ፈነዳ። እንደ ጡሩምባ ትልቅ ነው! ከሥሩ ደግሞ አረንጓዴ ኳስ አለች። እንደ ብይ ትንሽ ናት።

«እማዬ! እማዬ! ዱባዬ ተወለደች!»

ኳሷ ግን አላደገችም። ቢጫ ሆነች። ተጨማደደች። ከዚያ ዱብ! ወደቀች።

ሌላ አበባ ፈነዳ። ሌላ ኳስ መጣች። እሷም ዱብ!

«ጠምቷት ይሆናል» አለች ትርንጎ። ውኃ አጠጣቻት። ዱብ!

«ርቧት ይሆናል» አለች። የድንች ልጣጭ ቀበረችላት። ዱብ!

«በርዷት ይሆናል» አለች። የራሷን ሻርፕ ጠመጠመችላት። ኳሷ ሻርፑ ውስጥ ዱብ!

«ይቺ ዱባ እንቢ ብላለች» አለች እናቷ። «ተዪው ልጄ፤ ከገበያ እገዛልሻለሁ።»

ትርንጎ እጅጌዋን ሰበሰበች። እግሯን መሬት ላይ መታች። ጧ!

«አልተውም!» አለች። «አልተውም!»

በዚያው ቀን ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ ተጣራ።

«ትርንጎ! አንቺ ትርንጎ! ዱባሽ እኔ ቤት መጥታ ወለደች!»

ጎረቤታቸው ጋሽ አበጀ ናቸው። ጋሽ አበጀ ሁሉን ነገር የሚቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው። ድንቡሼ የምትባል አንዲት በግ አለቻቸው። እሷንም በየቀኑ ይቆጥሯታል።

ትርንጎ ሮጠች። የጋሽ አበጀን በር መታች። ኳ! ኳ! ኳ!

«ግቢ፣ ክፍት ነው!»

እውነትም የዱባዋ አንድ ሐረግ አጥሩን ተሻግሯል። ከሰፊ ቅጠል ሥር ክብ ዱባ ተቀምጣለች። የብርቱካን ያህላለች።

«ዱባዬ!» አለች ትርንጎ።

«የማን ዱባ?» አሉ ጋሽ አበጀ።

«ሥሯ የኔ ነዋ!»

«ሥሯ ያንቺ ነው። ሆዷ ግን እኔ ግቢ ነው የተቀመጠው።» ጋሽ አበጀ ጣቶቻቸውን አውጥተው ቆጠሩ። «የተኛችበት አፈር፣ አንድ፣ የኔ። ያረፈችበት ጥላ፣ ሁለት፣ የኔ። የጎበኟት ንቦች፣ ሦስት፣ የኔ። ሦስት ለአንድ አሸነፍኩሽ!»

«ንቦች?» አለች ትርንጎ። ጆሮዋን ቀሰረች።

ዝዝዝዝዝ!

የጋሽ አበጀ ሳር እንደ እትዬ ዘርፌ ሳር አልተስተካከለም። በመካከሉ ሐምራዊ አበባዎች ብቅ ብቅ ብለዋል። ቅጠላቸው ሦስት ሦስት ጣት አለው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማገጥ ነዋ! ድንቡሼ ትበላዋለች፤ ንብ ትቀስመዋለች።»

«ባኣኣ!» አለች ድንቡሼ አፏን ሞልታ።

ትርንጎ በሆዷ ተኛች። አንዲት ንብ ከማገጥ ወደ ማገጥ ስትዘል አየች። ዝዝዝ! ከዚያ ወደ ዱባው አበባ ገባች። ስትወጣ ወፍጮ ቤት እንደዋለ ሰው ጀርባዋ ዱቄት በዱቄት ሆኗል። ቢጫ ዱቄት!

ንቧ ዱቄቷን ተሸክማ ወደ ሌላው የዱባ አበባ ገባች። የዚያ አበባ ኳስ አልተጨማደደችም። እያበጠች ነው!

ትርንጎ ብድግ አለች። ወደ ቤቷ ሮጠች። ከራሷ የዱባ አበባ አጠገብ ቁጭ ብላ አዳመጠች።

ዝም።

ጆሮዋን በእጇ ጎተት አድርጋ አዳመጠች።

ዝም። አንዲትም ንብ የለችም።

ትርንጎ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለች። «ጋሽ አበጀ! ንብ ያውሱኝ!»

«ንብ እንደ ድስት ትዋሳለች እንዴ?» አሉ ጋሽ አበጀ። «የምትበላው ካገኘች ራሷ ትመጣለች። ካላገኘች አትመጣም።»

ትርንጎ የእትዬ ዘርፌን ሳር አየች። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ብቻ! ለንብ ምንም ምሳ የለም።

ተንበርክካ ጠጋ ብላ አየች። ሦስት ትንንሽ ጣቶች! እዚያም ሦስት! እዚህም ሦስት! ማገጥ ነው። ሊያብብ ጫፉ ላይ እንቡጥ ቋጥሯል።

«ቶሎ በሉ» ብላ አንሾካሾከችላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ግን ሌላ ድምፅ ቀሰቀሳት።

ፍሽሽ! ፍሽሽ! ፍሽሽ!

እትዬ ዘርፌ የመድኃኒት መርጫ አዝለው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ የሳሩን አንድ ጥግ ይረጫሉ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ሳሬን መድኃኒት እየረጨሁት ነው።»

«ምን አሞት?»

«አሞት አይደለም፤ አረም ገብቶበት ነው። በይ ዞር በዪ፣ መርዝ ነው!»

«መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ?» አለች ትርንጎ።

እትዬ ዘርፌ ዞር ብለው መርጨታቸውን ቀጠሉ።

ትርንጎ ወደ እግሯ አየች። መንገዱ ላይ አንዲት ንብ በጀርባዋ ወድቃለች። እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። ትርንጎ በስንጥር አንስታ ቅጠል ላይ አስቀመጠቻት። ንቧ አልበረረችም።

ፍሽሽ! መርጫው ወደ አጥሩ ቀረበ። ማገጡ ወዳለበት! ዱባዋ ወዳለችበት!

ትርንጎ ሮጣ ከሳሩ ፊት ቆመች። ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«እባክዎ እትዬ ዘርፌ! በዚህ በኩል አይርጩ!»

«ኧረ ትርንጎ፣ ነውር ነው!» አለች እናቷ ከደጃፉ። «ነይ ተመለሺ! ተዪ!»

«አልተውም!» አለች ትርንጎ። «አልተውም!»

እትዬ ዘርፌ መርጫውን አወረዱ። የቀሚሳቸውን ጫፍ ከፍ አድርገው አሳዩአት። ጥቁር ጥቁር ፍሬ ተጣብቆበታል።

«ጭጎጊት!» አሉ። «ይኸውልሽ! በዚህ ሳር ባለፍኩ ቁጥር ይጣበቅብኛል። እሑድ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ከቤተ ክርስቲያን እመለሳለሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ጭጎጊት ስለቅም እውላለሁ። ጣቴ አለቀ!»

ትርንጎ አሰበች።

«ማገጥስ ቀሚስዎ ላይ ይጣበቃል?»

«ማገጥማ አይጣበቅም።»

«እንግዲያው ጠብዎ ከጭጎጊት ጋር ነው» አለች ትርንጎ። «ጭጎጊቱን እኔ በእጄ እነቅላለሁ። እርስዎ መርጨቱን ይተዉ።»

«ይሄን ሁሉ ሳር? በነዚያ ጣቶችሽ?»

ትርንጎ ጣቶቿን አሳየቻቸው። «አሥር ናቸው!»

እትዬ ዘርፌ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

«እሺ። እሑድ በነጭ ቀሚሴ ሳሩን አቋርጬ እሄዳለሁ። አንዲት ጭጎጊት፣ አንዲት ብቻ፣ ከተጣበቀችብኝ ግን እረጫለሁ። ቃል ነው?»

«ቃል ነው!» አለች ትርንጎ።

የተረጨውን ጥግ ሳትረግጥ ሥራ ጀመረች። አንዱን ጭጎጊት በራሱ ይዛ ሳበች። ቡጭቅ! ራሱ እጇ ላይ ቀረ። ሥሩ መሬት ውስጥ ቀረ።

ሌላውን ሳበች። ቡጭቅ! ሌላውንም። ቡጭቅ!

በማግስቱ ሥር የቀረባቸው ሁሉ ቅጠል አውጥተው ጠበቋት። የሚስቁባት መሰላት።

«ተዪው ልጄ፣ እጅሽ ተላጠ» አለች እናቷ።

«አልተውም!»

ትርንጎ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀች። አፈሩ ሲርስ፣ በዱላ ጎን ጎኑን ጫረች። ጭጎጊቱን በራሱ ሳይሆን በአንገቱ ያዘችው። ቀስ ብላ ሳበችው።

ሙልጭ! ከነሥሩ ወጣ!

ሙልጭ! ሙልጭ! ሙልጭ! አንድ ቅርጫት ሞላ። ቅርጫቱን ለድንቡሼ ወሰደችላት።

«አንድ ቅርጫት ቀለብ አመጣሁ። ምን ይሰጡኛል?» አለቻቸው ጋሽ አበጀን።

«አንድ ቅርጫት ፍግ።»

ትርንጎ ፍግ ታውቃለች። የድንቡሼ ፋንድያ በስብሶ አፈር ሲሆን ነው።

«ሁለት ቅርጫት!» አለች።

«ኧረ በጌን ይዘሽ ሂጂ! አንድ ተኩል።»

«ይሁን» አለች ትርንጎ። ስታስበው አንድ ይበቃት ነበር።

ጭጎጊቱ የተነቀለበት ቦታ ተራቁቷል። ትርንጎ ፍጉን በተነችበት። እዚያ ሳሩ ይወፍራል። ጥቅጥቅ ይላል። ጭጎጊት ተመልሶ የሚበቅልበት ባዶ ቦታ ያጣል።

ሙልጭ! ጠዋት። ሙልጭ! ከሰዓት። ሙልጭ! ሊመሽ ሲል።

እሑድ ደረሰ።

እትዬ ዘርፌ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ሳሩን ቀስ ብለው አቋረጡ። ቀሚሳቸው ሳሩን ይጠርጋል። ሽው፣ ሽው፣ ሽው።

ጋሽ አበጀ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። የትርንጎ እናት አፏን በእጇ ይዛለች።

እትዬ ዘርፌ ቆሙ። ቀሚሳቸውን መረመሩ። በፊት በኩል የለም። በቀኝ የለም። በግራ የለም። በኋላ...

«ይኸው!» አሉ።

አንዲት ጭጎጊት!

«ቃል ቃል ነው» አሉ እትዬ ዘርፌ። ፊታቸው ግን ደስ ያለው አይመስልም። መርጫውን ሊያመጡ ዞሩ።

የትርንጎ ዓይኖች እንባ ሞሉ። በእጅጌዋ ጠረገችው። እግሯን መሬት ላይ መታች። ጧ!

«አልተውም!» አለች። «ይቺ ጭጎጊት የሳሩ አይደለችም!»

ቤት ገባች። ወፍራም ሹራቧን ለብሳ ወጣች። ጭጎጊት ከሁሉ ልብስ ሹራብ ይወዳል!

ሳሩ ላይ ተጋደመች። ከዚያ መንከባለል ጀመረች።

ገልበጥ! ገልበጥ! ገልበጥ! ከበሩ እስከ አጥሩ።

ገልበጥ! ገልበጥ! ገልበጥ! ከአጥሩ እስከ በሩ።

ብድግ አለች። ራሷ ዞሮባት ተንገዳገደች። «ይፈልጉ!» አለች።

እትዬ ዘርፌ መነጽራቸውን አደረጉ። በሆዷ ፈለጉ። በጀርባዋ ፈለጉ። ብብቷን ሲፈልጉ ኮረኮሯት።

ሳር አገኙ። ጭቃ አገኙ። አንዲትም ጭጎጊት አላገኙም!

«ታዲያ የኔዋ ከየት መጣች?»

ትርንጎ ከግቢው ወጣች። ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን ሮጣ እስከ ጥጉ ሄደች። ሮጣ ተመለሰች።

ሲያዩአት ሁሉም ጮኹ። ሹራቧ ላይ ጭጎጊት! ካልሲዋ ላይ ጭጎጊት! ፀጉሯ ላይ ጭጎጊት!

«ጃርት መስለሽ መጣሽ!» አሉ ጋሽ አበጀ።

እትዬ ዘርፌ መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ሳቁ። ቀጥሎ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንቺ ልጅ! ፈረድኩልሽ!» አሉ። «መርጫው ይቅር። ጭጎጊት እኔም ከዛሬ ጀምሮ በእጄ እነቅላለሁ። በአንገቱ ነው አይደል የሚያዘው?»

«በአንገቱ!» አለች ትርንጎ።

ዝናቡ እያነሰ፣ ፀሐዩ እየበዛ ሄደ። ማገጡ አበበ። የእትዬ ዘርፌ ሳር ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለው ምንጣፍ መሰለ።

አንዲት ንብ መጣች። ዝዝዝ! ሁለት መጡ። ዝዝዝዝዝ! ከዚያ ጋሽ አበጀ እንኳ መቁጠር አቃታቸው።

«ይነድፉኝ ይሆን?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«ካልነኳቸው ምን አገባቸው?» አለች ትርንጎ። «ሥራ ላይ ናቸው።»

አንድ ጠዋት በትርንጎ በኩል አዲስ የዱባ አበባ ፈነዳ። ከሥሩ አረንጓዴ ኳስ አለች። ትርንጎ ትንፋሿን ይዛ ቁጭ አለች።

ንብ መጣች። ማገጥ ላይ አረፈች። ሌላ ማገጥ። ሌላ ማገጥ።

«ወደ ዱባው» አለች ትርንጎ በሹክሹክታ። «ወደ ዱባው!»

ንቧ ዞረች። ዝዝዝ! መጀመሪያ ኳስ የሌለው የዱባ አበባ ጎበኘች፤ ከዚያ ኳሷ ያለችበት አበባ ውስጥ ገባች። ጀርባዋ ዱቄት በዱቄት ነው!

አንድ ቀን አለፈ። ኳሷ አልተጨማደደችም። ሌላ ቀን አለፈ። ቢጫ አልሆነችም። ሌላ ቀን አለፈ። ሁሉም ሰው ዱብ! ሊል አፉን አዘጋጅቶ መጣ።

ዝም። ዱብ የለም።

«አልወደቀችም!» ብላ ጮኸች ትርንጎ። «አልወደቀችም!»

ዱባዋ እንቁላል አከለች። ብርቱካን አከለች። ጀበና አከለች። የድንቡሼን ጭንቅላት አከለች። የድንቡሼን ሆድ አከለች!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ ሐረጉን በቢላ ቆረጠችላት። ትርንጎ ዱባው ላይ ወጣች። ቁጭ አለች። እግሯ መሬት አልነካም።

«እንደ በርጩማ ነው?» አለቻት እናቷ።

«እንደ ሶፋ ነው!»

«የኔዋ ግን ቀድማ ወጥ ሆናለች፤ ጣፋጭ ነበረች!» አሉ ጋሽ አበጀ ከአጥሩ ማዶ።

እትዬ ዘርፌ ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው ሳሩን በባዶ እግራቸው ረገጡት። «ለካ እንዲህ ይለሰልሳል!» አሉ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዱባዋን ወደ ቤት አስገቧት። ማንም ብቻውን አይችላትም። እናቷ ገፋች፤ እትዬ ዘርፌ ገፉ፤ ትርንጎ ገፋች። ገልበጥ! ገልበጥ! ገልበጥ!

«ወደ ጓዳ» አለች እናቷ።

«ወደ አልጋዬ» አለች ትርንጎ።

«ዱባ ከሰው ጋር ይተኛል እንዴ?»

«ዛሬ ብቻ።»

ዱባዋ ከትርንጎ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ትርንጎ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች። አንድ እጇን አውጥታ ዱባዋ ላይ አሳረፈች።

«ነገስ እንቁረጣት?» አለች እናቷ መብራቱን ልታጠፋ ስትል።

ትርንጎ ዓይኗ እየተከደነ አሰበች። «ነገ ትቆረጥ» አለች። «ትልቁ ቁራጭ ለእትዬ ዘርፌ ይሁን።»

እናቷ ግንባሯን ሳመቻት።

«እማዬ...» አለች ትርንጎ፣ ድምፅዋ በእንቅልፍ እየቀነሰ። «አይ፣ መካከለኛው ይሁን። ትልቁ የኔ ነው።»

እናም ተኛች።